ክሬይፊሽንና ዓሣን በአንድ ገንዳ ማኖር፦ የአብሮነቱ ወሰን

በቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ክሬይፊሽ ለመጨመር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዓሣዎቹን ይበላቸዋል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ የሆነው ይህ ጨው አልባ ውኃ ነዋሪ በአንዱ ሳምንት በላተኛ፣ በሌላው ሳምንት ተበይ ሊሆን ይችላልና።

ክሬይፊሽ ቀን በድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። የበሰበሰ ቅጠል፣ ቀንድ አውጣ፣ የሞተ ዓሣ፣ ያገኘውን ሁሉ ይመገባል። አሳድዶ የሚይዝ አዳኝ አይደለም፤ በመቆንጠጫው የሚደርስበትን ግን አይምርም። ስለዚህ አደጋውን የሚወስነው የዓሣው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የሚያድርበት ስፍራ ጭምር ነው። እንደ ኮሪዶራስ ያሉ ከገንዳው ወለል የማይርቁ ዓሦችና እንደ ቤታ ያሉ ረጅም ክንፍ ያላቸው ቀዳሚ ተጠቂዎች ናቸው። በላይኛው ውኃ የሚንቀሳቀሰው ዚብራ ዳኒዮ የተሻለ ዕድል አለው፤ ዋስትና ግን የለውም።

ሁኔታው የሚገለበጠው እንስሳው ቅርፊቱን በሚለውጥበት ወቅት ነው። ክሬይፊሽ የሚያድገው አሮጌውን ቅርፊት እየጣለ ሲሆን፣ ከዚያ አስቀድሞ ከቅርፊቱ የተወሰነ ካልሲየም መልሶ በመምጠጥ በጨጓራው ግድግዳ ሁለት ጠጠር መሰል አካላት አድርጎ ያከማቻል። ቅርፊቱ ከተጣለ በኋላ ጠጠሮቹ ሟሙተው ለአዲሱ ቅርፊት መጠንከሪያ ይውላሉ። ክምችቱ ግን አይበቃም፤ የቀረው ከውኃው፣ ከምግቡና ከራሱ ከተጣለው ቅርፊት ይገኛል። የተጣለው ቅርፊት እስከ ዓይንና እግሩ ሙሉ ስለሆነ ሬሳ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ የሞተ መስሎኝ ነበር። አውጥቶ መጣል ስሕተት ነው፤ እንስሳው ይበላዋልና። በእነዚህ ለስላሳ ቀናት መቆንጠጫው አይጠቅመውም፤ ቆሮሶ የሚመደብበት የሲክሊድ ቤተሰብ አባላት በቀላሉ ይቦጫጭቁታል። ስለሆነም ዓሣው የማይገባበት፣ እርሱ ግን የሚገባበት ጠባብ ቱቦ ለእያንዳንዱ ክሬይፊሽ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው አደጋ መድኃኒት ነው። የክሬይፊሽ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው መዳብ ባለበት ሄሞሳይያኒን በተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሆኖም በውኃ ውስጥ የሟሟ መዳብ ይመርዘዋል። ለዓሣ ነጭ ነጥብ በሽታ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አላቸው። ዓሣው ይድናል፤ ክሬይፊሹ ይሞታል። የታመመ ዓሣ በሌላ ዕቃ ተለይቶ መታከም አለበት።

በእኔ ግምት ከትናንሽ ዓሦች ጋር ሊሞከር የሚገባው ከሜክሲኮ የመጣው፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈው ድንክ ብርቱካናማ ክሬይፊሽ ብቻ ነው። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያድገውን የአሜሪካ ቀይ ክሬይፊሽ ለብቻው ማኖር ይሻላል።

ክዳኑም ደኅና መገጠም አለበት፤ በማጣሪያው ገመድ ተንጠላጥሎ ይወጣልና። ማምለጡ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዋናው የአፍሪካ ምድር የራሱ የሆነ ክሬይፊሽ የለውም። ቀዩ ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ተለቅቆ በዚያው ተራብቷል፤ ናይቫሻ ደግሞ ከእኛ ሐይቆች ጋር በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ነው። በ1990ዎቹ በጀርመን የቤት ገንዳዎች የታወቀው ዥንጉርጉር ክሬይፊሽ የባሰ ነው፤ ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ ያለ ወንድ ይራባሉ። አንዲት ብቻ ብታመልጥ አዲስ መንጋ ለመመሥረት ትበቃለች፤ በማዳጋስካር በስፋት የተዛመተው ይኸው ዝርያ ነው። ገንዳውን መቀጠል ያልቻለ ሰው እንስሳውን ለሌላ አሳዳሪ ይስጥ፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ግን ፈጽሞ አይልቀቅ። ጫጩቶች ሊኖሩበት ስለሚችሉም የገንዳውን ውኃ ወደ ጅረት አይድፋ።