ወልዳለችና ትምህርቷ ይቅር?

በእንግሊዝ አገር ከጉባኤያችን መካከል አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ስትወልድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ቃል ነው፦ «በቃ፣ ትምህርቷ ቀረ!» ለምን ይቀራል? የጠፋው እኮ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው እንጂ የልጅቱ አእምሮ አይደለም።

«ኬር ቱ ለርን» የሚባል የመንግሥት ድጋፍ አለ። ኮርሱን ስትጀምር ዕድሜዋ ከ20 ዓመት በታች ከሆነ፣ ልጁን በዋናነት የምታሳድገው እርሷ ከሆነች፣ በአገሩ የመኖርና የመማር ሕጋዊ መብት ካላት ማመልከት ትችላለች። አሳዳጊው አባትዬው ከሆነም እንዲሁ። ለአንድ ልጅ በሳምንት በለንደን እስከ 195፣ ከለንደን ውጭ እስከ 180 ፓውንድ ይከፈላል። ገንዘቡ በእጇ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለተመዘገበው ነርሰሪ ወይም ሞግዚት ይገባል። ቤተሰቧ የሚያገኘው ቤኔፊትም አይነካም። ትምህርቱ ግን መንግሥት የሚደግፈው መሆን አለበት፤ ዩኒቨርሲቲን አይጨምርም። ማመልከቻውም በየዓመቱ እንደገና ይሞላል።

«ኃጢአትን ማቃለል አይሆንም ወይ?» የሚል አለ። ወገኖቼ፣ ንስሐ የራሱ ቦታ አለው፤ ከትምህርት መቅረት ግን የንስሐ ፍሬ አይደለም። «የመንግሥት ገንዘብ ያሳፍራል» የሚልም አለ። እስቲ ሙሴን አስቡ! እርሱን ለማጥባት ደመወዝ የከፈለችው የፈርዖን ልጅ ናት፤ የተቀበለችው ደግሞ የገዛ እናቱ።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ኮሌጇ የተማሪ ድጋፍ ክፍል ሂዱ። አባቶችም፣ ቁጣው ይብረድና ፎርሙን አብራችኋት ሙሉ። ጎረቤትም ከማማት ይልቅ ይህን ወሬ ያድርስላት። ጌታ ይባርካችሁ።