ለእንሰት ማሳ የሚሆን ቢላ

ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ገበያ ቢላ የሚመርጥ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብረቱ ከምን እንደመጣ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ከተራ ፌሮ የተሠራው ግን ቶሎ ይደንዛል። ሞረድ ስለቱን በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው።

ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ ይሁን። እጀታውና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት ካለው ግን ይቅር፤ በሽታ የሚያዛምት የእንሰት ጭማቂ ይደበቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ቢላ ነው። የቤተሰብ የዓመታት ቆጮ በአንድ ስለት ይጠፋል! ስለዚህ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲታለፍ ቢላው በበረኪና ይታጠባል ወይም በእሳት ይለበለባል። ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል፤ በረኪናም ብረት ስለሚበላ፣ ማታ በውኃ ታጥቦና ደርቆ ዘይት ይቀባ።