ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፦ ሥዕል የሚሥለው ኮምፒውተርና የእኛ ፊደል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኔም ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝን አጋጣሚ ላስቀድም።

ለአንድ የማኅበር ዝግጅት ማስታወቂያ የሚሆን ሥዕል አስፈለገኝና፣ የተጻፈለትን አንብቦ ሥዕል የሚሠራ ፕሮግራም ከፍቼ «አንዲት እናት ቡና ስታፈላ ጎረቤቶቿ ዙሪያዋን ተቀምጠው» ብዬ በአማርኛ አዘዝኩት። ያመጣልኝ በባሕር ዳርቻ የቆመ ቤት ነበር። ያንኑ በእንግሊዝኛ ብጽፍለት እናትየዋ መጣች፤ ጀበናዋ ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆናለች። ግድግዳው ላይ ፊደል የሚመስል ነገር ተሥሏል፤ ጠጋ ብዬ ባየው ከሀ እስከ ፐ ብንፈልግ የማናገኘው ጭረት ነው። መጀመሪያ የናቁን መሰለኝና ተናደድኩ። በኋላ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን መንገድ ስመረምር ግን ችግሩ የትኛው ብልት ላይ እንዳለ ገባኝ፤ መፍትሔውም ከእጃችን እንደማይርቅ ተረዳሁ። የተረዳሁትን ላካፍል።

በዚህ መስክ በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ዲፊውዘርስ ይባላል። ሀጊንግ ፌስ የተሰኘው ኩባንያ በ2022 ለሕዝብ የለቀቀው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የፕሮግራም ባለሙያዎች «ላይብረሪ» የሚሉት ዓይነት ሲሆን፣ ሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞቻቸውን የሚገነቡበት አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ማለት ነው። ኮዱ ክፍት ነው። አፓቺ 2.0 በተባለው ፈቃድ መሠረት ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፣ ሊለውጠው፣ ሊነግድበትም ይችላል። ልብ በሉ፣ ይህ ነፃነት የላይብረሪው ነው። በላይብረሪው አማካይነት የሚሠሩት ሞዴሎች የየራሳቸው ፈቃድ ስላላቸው እያንዳንዱን አንብቦ መጠቀም ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ኮምፒውተር ሥዕል የሚሥለው እንዴት ነው? ሞዴሉ ሲሠለጥን እጅግ ብዙ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ከነመግለጫቸው ይቀርቡለታል። በላያቸው ላይ ጉም የመሰለ ነጠብጣብ ይነሰነስባቸውና የተነሰነሰውን ለይቶ እንዲያወጣ ይደረጋል። ይህን ከተካነ በኋላ ከባዶ ጉም ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየገፈፈ ቀድሞ ያልነበረ ሥዕል ያወጣል። ሲገፍ የሚመራው እኛ የጻፍንለት ዓረፍተ ነገር ነው።

በዲፊውዘርስ ውስጥ ይህ ሥራ በአራት ሠራተኞች መካከል የተከፈለ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው አንባቢ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ሁለተኛው ጉሙን ይገፋል። ሦስተኛው በስንት ደረጃ፣ በየደረጃውም ምን ያህል እንደሚገፈፍ ይወስናል። አራተኛው ተጨምቆ የተሠራውን ሥዕል ይፈታል። ለምሳሌ በ2022 የወጣው ስቴብል ዲፊውዥን 512 በ512 የሆነ ሥዕል ሲሠራ በ786,432 ቁጥሮች ላይ አይደክምም፤ በ16,384 ቁጥሮች ላይ ሠርቶ መጨረሻ ላይ ያሰፋዋል። ድካሙ የሚወርድባቸው ቁጥሮች በ48 እጅ ያንሳሉ ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ከአራቱ አንዱን ነቅሎ ሌላ መተካት መቻሉ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተጨመሩት አዳዲስ ነገሮች የሚገቡን ይህን ስንይዝ ነው። ከሁሉ በፊት የደረጃዎቹ ቁጥር ቀነሰ። ቀድሞ 50 ደረጃ ይፈጅ የነበረው ሥራ፣ በ2023 በወጡ ዘዴዎች 4 ደረጃ በሚያህል ማለቅ ጀመረ። ቀጥሎ የማስታወሻው ጥያቄ መጣ። በ2024 የወጣው ፍለክስ የተባለው ሞዴል 12 ቢሊዮን ቁጥሮች አሉት። እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ቢይዝ 24 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህም አንባቢው ሳይቆጠር ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዲፊውዘርስ ቁጥሮቹን ወደ 4 ቢት አሳጥሮ መጫን የሚያስችል ድጋፍ አገኘ፤ 24ቱም ወደ 6 ጊጋባይት ገደማ ወረደ። ጥራቱ በመጠኑ ይጎዳል፤ ነገር ግን የኩባንያ ማሽን ይጠይቅ የነበረው ሥራ አንድ ተማሪ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር የሚሞክረው ሆነ። ሥራ ፈት የሆነውን ክፍል ከግራፊክስ ካርዱ አውርዶ ተራው ሲደርስ የሚመልስ ዘዴም አለው።

ከዚህም በላይ እኛን የሚመለከተው ሎራ የሚባለው የማሠልጠኛ ዘዴ ነው። ዘዴው በ2021 ለቋንቋ ሞዴሎች ታስቦ የወጣ ሲሆን ወደ ሥዕሉም ዓለም ገብቷል። ትልቁን ሞዴል ሳይነኩ ትንሽ ተጨማሪ ክፍል ብቻ ማስተማር ነው። 1,000 በ1,000 የሆነ ሠንጠረዥ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች አሉት። በእርሱ ፋንታ 1,000 በ8 እና 8 በ1,000 የሆኑ ሁለት ጠባብ ሠንጠረዦችን ብናስተምር የምንደክመው በ16,000 ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ በጥቂት ደርዘን ፎቶግራፎች ጀበና ምን እንደሚመስል ማስተማር ይቻላል። በ2025 ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተል ራሱን እንደ ጡብ እየፈቱ በአዲስ መልክ ለመገጣጠም የሚያስችል አሠራር በሙከራ ደረጃ ቀርቧል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልመለስ። አማርኛው ለምን አልገባውም? የስቴብል ዲፊውዥን የመጀመሪያ ሞዴሎች አንባቢ ክሊፕ ይባላል፤ የተማረው በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 77 ቁራጭ ሲሆን ሁለቱ የመነሻና የመድረሻ ምልክቶች ናቸው፤ ለእኛ የሚቀረን 75 ነው። አንድ የእንግሊዝኛ የተለመደ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቁራጭ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ግን በኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ስለሚይዝ እስከ 3 ቁራጭ ሊበጣጠስ ይችላል። እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር 28 ፊደላት አሉት፤ በከፋው አቆጣጠር 84 ቁራጭ ይሆናል። እናትየዋ ጎረቤቶቿን ሳታስቀምጥ ቦታው ያልቃል። ፍለክስ የሚጠቀምበት ሁለተኛው አንባቢ ቲ5 ደግሞ ፊደላችን በመዝገቡ ስለሌለ «የማይታወቅ» ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ አንባቢ ያለው ፕሮግራም በአማርኛ ሲታዘዝ ከባዶ ወረቀት ብዙም ያልተሻለ ነገር ይዞ ነው ሥዕል የሚሥለው።

ይህ የማይነቀል ግድግዳ እንዳልሆነ ሌሎች አሳይተዋል። በ2022 የቤይጂንግ ተመራማሪዎች ክሊፕን አውጥተው ብዙ ቋንቋ በሚያነብ ሌላ አንባቢ ተኩትና አልትዲፊውዥን የተባለ ሞዴል ሠሩ፤ በዲፊውዘርስም ውስጥ ገባ። ዓረብኛን ጨምሮ 9 ቋንቋዎችን እንዲያውቅ አደረጉት። የሚያስቆጨው፣ ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው ኤክስኤልኤም አር የተባለው አንባቢ በ2019 ሲሠለጥን ካነበባቸው 100 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ መሆኑ ነው። አማርኛን ያነበበ አንባቢ ነበረ፤ ከ9ኙ መካከል ግን አማርኛን የሚያስገባ ሰው አልነበረም። በ2025 አሊባባ የለቀቀው ኪዌን ኢሜጅ የቻይንኛን ፊደላት በሥዕል ውስጥ አስተካክሎ ይጽፋል። ቻይናውያን ሌላው እስኪያስብላቸው አልጠበቁም።

በዕድሜ ገፋ ያልን ሰዎች የምናስታውሰው ነገር አለ። በ1990ዎቹ አንዱ በአንድ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፈው ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲደርስ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ነው ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው። እዚያ የገባውም ባለሙያዎች ሠንጠረዥ አዘጋጅተው፣ ተከራክረው ስላቀረቡት ነው። የዛሬው ጥያቄ የዚያ ቀጣይ ነው። ያን ጊዜ የጎደለው የፊደል ሠንጠረዥ ነበር፤ ዛሬ የጎደለው በአማርኛ መግለጫ የተጻፈለት ሥዕል ነው። ጀበናን ጀበና፣ ረከቦትን ረከቦት፣ መሶብን መሶብ የሚል መግለጫ የሌለው ፎቶግራፍ ለማሽኑ ዲዳ ነው። ይህን የሚጽፍ ደግሞ ከእኛ ሌላ ማን አለ?

ሁለት ነገሮችን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። አንደኛ፣ ሎራ ብቻውን አማርኛ አያስተምርም፤ ዕቃውን ያስተምራል እንጂ ቋንቋውን ለማስተማር አንባቢውን መተካትና እጅግ ብዙ መግለጫ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጀበናን በጥቂት ፎቶ ማስተማር የሚያስችለው ዘዴ የሰውን ፊት ሰርቆ ባልዋለበት ለማዋልም ያስችላል። ስለዚህ የሰዎችን ፎቶግራፍም ሆነ የአብያተ ክርስቲያናትን ጥንታዊ ሥዕል ያለ ፈቃድ ሰብስቦ ማሽን መመገብ፣ ሌሎች ሲያደርጉት የምንቃወመውን እኛው መሥራት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በየከተማው የኮምፒውተር ባለሙያ አለን፤ ፎቶግራፍ አንሺ አለን፤ ከሁሉ በላይ የዕቃውን ስም ከነሙያው የሚያውቁ እናቶችና አባቶች አሁንም በሕይወት አሉ። ጀበናዋ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሆና ስትቀርብ የሚስቅ ትውልድ ዛሬ አለ። ነገ ግን ከውጭ አገር የተወለደው ልጃችን ያንን ሥዕል አይቶ «የእኛ ጀበና ይህ ነው» ቢል የሚያርመው ይኖር ይሆን?

ቸር ይግጠመን።