ባለቤት የሌላቸውን እንስሳት ለሚያስጠጉ ሰዎች ስለሚያስፈልገው ትምህርት

በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ደመራው በርቶ፥ ካህናቱም ጸሎታቸውን ፈጽመው፥ ሕዝቡ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ አደባባዩ ፈጽሞ ባዶ አይሆንም። በነጋታው አመዱን በግንባራቸው ለመቀባት የሚመጡት ምእመናን ገና ሳይደርሱ፥ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩልና ከደረጃዎቹ ሥር የመጡ ውሾች ለብ ያለውን አመድ ከበው ጥቅልል ብለው ተኝተው ይገኛሉ። በማለዳ በደረጃው ላይ የሚሮጡት ስፖርተኞች ውሾቹን ያውቋቸዋል፤ ውሾቹም ስፖርተኞቹን ያውቃሉ። ጌታቸው ማን እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ እነዚህ ውሾች፥ ይልቁንም ለእነርሱ አዝነው ሊያስጠጓቸውና ሊያስታምሟቸው ስለሚነሡት ወጣቶች ጥቂት ቃል ልንናገር አስበናል። ጊዜውም የተገባ ነው። የመስቀል በዓል በሚከበርበት ሰሞን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን በዓለም ሁሉ ይታሰባል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18 ቀን ይውላል። ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት የበሽታውን ክትባት ያገኘው ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1888 ዓ.ም. መስከረም 18 ቀን ያረፈ በመሆኑ ነው። የዚህ ሊቅ ስም ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በ1940ዎቹ በጉለሌ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ስሙ ተለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም፥ ሕዝቡ ሰፈሩን እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ ይጠራዋል። ውሻ የነከሰው የአዲስ አበባ ሰውም መርፌ ለመወጋት ለብዙ ዘመን ሲመላለስ የኖረው ወደዚያው ነው።

በሽታው በአገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተነሥቶ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። ካበደ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል ከመቶ አርባ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት መሆናቸውን ስንሰማ፥ ነገሩ የቤተ ሰብ ጉዳይ መሆኑን መካድ አንችልም።

ውሻ በአገራችን ወደ እልፍኝ የሚገባ እንስሳ አይደለም። ሥራው ደጅ መጠበቅ፥ ሌባና ጅብ መከልከል ነው፤ ደመወዙም የገበታ ትራፊ ነው። ስለዚህ አጥር ሲፈርስ ውሻ ጌታውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያጣል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ለልማት በተነሣ ጊዜ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤት የሚገባ ሰው ድስቱንና አልጋውን ጭኖ ሊሄድ ይችላል፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ ግን የሚጠበቅ ደጅ የለም። ቡቺ ተብሎ ይጠራ የነበረው ውሻ ቀድሞ በር በነበረበት ቦታ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሲመለከት ያየ ሰው ልቡ ሳይነካ አያልፍም። እኛም አይተናል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ልማቱ ስንጨዋወት ይህን ማንሣት ልማዳችን ሆኗል።

መቼም ርኅራኄ መልካም ነው። ነገር ግን ርኅራኄ ብቻውን ወደ እንስሳ መጠለያ የገባ እንደ ሆነ የሚያመጣውን ነገር አንድ ወጣት እንዲህ ሲል አጫውቶናል።

ይህ ወጣት ከአደባባዩ በስተ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ የተጣሉ ውሾችን በበጎ ፈቃድ ያበላ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሲያላምጠው የቆየ አንድ ቀይ ውሻ ምግቡን ተወ፤ አፉን ከፍቶ ለሐጩን ያዝረበርባል፤ ውኃ ቢሰጡትም መዋጥ አቃተው። ወጣቱም አጥንት በጉሮሮው የተሰነቀረበት መስሎት አፉን ከፍቶ በጣቱ መፈለግ ጀመረ። በዚያው ግቢ ይሠሩ የነበሩ፥ ቀድሞ በእንስሳት ሕክምና ረዳትነት ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አይተው ጮኹ።

«ልጄ፥ እጅህን አውጣ!»

«ጋሼ፥ አጥንት ሰንቅሮት እኮ ነው» አላቸው።

«አጥንት አይደለም! ና ወደ ቧንቧው!» ብለው ክንዱን ጨብጠው ወሰዱት።

በእጁ ላይ ቀይ ሽንኩርት ሲከትፍ ያገኘው ትንሽ ቁስል ነበር። ሽማግሌው ሰዓታቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሳጠቡት፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። ክትባቱም በዚያው ዕለት ተጀመረ። ውሻው ለብቻው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰነበተና በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ሬሳው ተመርምሮም በሽታው ተገኘበት። ወጣቱ ዛሬ በሕይወት አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ጥፋቱ የመጣው ከክፋት ሳይሆን ከደግነት መሆኑ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል ሁላችንም የሚታየን እየሮጠ ያገኘውን የሚናከስ ውሻ ነው። ሁለተኛው መልኩ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ መንጋጋው ይላላል፥ ጉሮሮው ይያዛል፥ ልቡ የራራ ሰው አጥንት ሊያወጣለት እጁን ይሰጠዋል። መርዙ የሚተላለፈው በምራቅ ስለ ሆነ፥ ንክሻ ባይኖርም በቁስል ላይ የሚያርፍ የምላስ ልሰት ይበቃዋል። የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ የነበሩትን ውሾች ከወንጌል የሰማን ሰዎች ነገሩን በበጎ ብናየው አያስደንቅም፤ ሐኪሞች ግን ይህን በፍጹም ይከለክላሉ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ በጊዜው የሚወሰድ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው አንድ ሰው ቧንቧውን ሳይዘገይ ማሰቡ ላይ ነው።

እንግዲህ ለመጠለያ ሠራተኛና ለበጎ ፈቃደኛ የሚሰጠው ትምህርት መጀመሪያው ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው። ውሻ ከመንካቱ በፊት ራሱ ይከተባል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሚመክረው ሁለት መርፌ ሲሆን ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ7ኛው ቀን ይሰጣል። አስቀድሞ የተከተበ ሰውም ቢነከስ ቁስሉን ከማጠብና ተጨማሪ መርፌ ከመወጋት አይድንም። ብዙ ወጣቶች ይህን ክፍል እንደ ማሰልቸት ይቈጥሩታል። ወዲያው ቡችላ ማቀፍ ይወዳሉ። እኛ ግን ያልተከተበውን ሰው ከበሩ የሚመልስ አስተማሪ ልባም ነው እንላለን።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሻን ጠባይ ማንበብ ነው። ጅራት መወዝወዝ ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። ሰውነቱን አደንድኖ፥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ በችኰላ የሚወዘውዝ ውሻ ለመናከስ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያፋሽክ፥ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፥ ፊቱን አዙሮ በዐይኑ ነጭ የሚመለከት ውሻ ፈርቻለሁ ማለቱ ነው። ለእንደዚህ ያለው ውሻ ከላይ አጎንብሶ ራሱን መዳበስ ነገር መፈለግ ነው። የተማረ ሠራተኛ ጎኑን ሰጥቶ ቁጢጥ ይላል፤ ዐይን ለዐይን አያፈጥም፤ ውሻው ራሱ መጥቶ እስኪያሸተው ድረስ ይጠብቃል። በከተማችን የሚታወቀው ልማድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ሁሉ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስለዋል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የትምህርት መጽሐፍ ይህን አይነግረንም።

ንጽሕናም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በቡችሎች ላይ የሚነሣው ፓርቮ የተባለው የተቅማጥ በሽታ በመሬት ላይ ለብዙ ወራት መቈየት ይችላል፤ በጫማና በባልዲም ይዛመታል። በረኪና ይገድለዋል። ነገር ግን ዐይነ ምድሩና ጭቃው ሳይጠረግ በላዩ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፥ ከዚያም በውኃ የተበረዘው በረኪና ፈስሶ 10 ደቂቃ ይቈያል። የጽዳቱም ተራ እንደዚሁ የታወቀ ነው፤ ከጤነኞቹ ቡችሎች ይጀመራል፥ ወደ ትልልቆቹ ይኬዳል፥ አዲስ የገቡት ይከተላሉ፥ የታመሙት በመጨረሻ ይደረሱላቸዋል። ተራውን የገለበጠ ሰው በሽታውን በገዛ እጁ ከክፍል ወደ ክፍል እያደረሰ ነው። አዲስ የመጣ ውሻም በመዝገብ ሳይጻፍና ለብቻው ሳይሰነብት ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ለረጅም ጊዜ የተራበ ውሻ ሲገኝ ሰው ሁሉ ሥጋ ይዞለት ይሮጣል። ይህም ስሕተት ነው፤ ባዶ የቈየ ሆድ በአንድ ጊዜ ቢሞላ ሰውነቱ ይናወጣል፥ ሊሞትም ይችላል። ጥቂት ጥቂቱን በቀን ደጋግሞ መስጠት ይገባል። ረጅም ጾም የፈታች የቤት እመቤት ይህን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች።

በውጭ አገር ይህ ሥራ የተጀመረው በአንዲት ሴት ልበ ሰፊነት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባለች ወይዘሮ በለንደን ከተማ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ማደሪያ ከፈተች። የዘመኑ ጋዜጣ ለድኾች ሳይበቃ ለውሻ ብሎ ተሳለቀባት። እርስዋ በ1865 ብትሞትም ቤቱ በ1871 ባተርሲ ወደሚባለው ስፍራ ተዛውሮ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በአገራችን ደግሞ ወደ ሆለታ በኩል እንስሳ ኮቴ የሚባል ለዱር አራዊት የተዘጋጀ ማዳኛ ስፍራ አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጊ ማኅበር የሚያስተዳድረው ሲሆን፥ በሰንሰለት ታስረው የኖሩ አንበሶችና ከነጋዴ እጅ የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ይጠበቁበታል። እዚያ የሚሠራ ሰው የሚማረው በውሻ ቤት ከሚማረው ጋር ይጋጫል። ውሻን የሚያሳድግ ሰው እንዲወደድ ይደክማል፤ ወደ ዱር ሊመለስ የሚችል እንስሳ የሚያሳድግ ግን ሰውን እንዳይለምድ አጥብቆ ይጠነቀቃል። ግልገሉን እየወደዱ አለማቀፍ ከሁሉ የከበደ ትምህርት ይመስለናል። በቢሾፍቱም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አያሌ ሐኪሞችን አፍርቷል። ሐኪም ግን ሌሊቱን ሙሉ በመጠለያ አይቀመጥም፤ የሚያድረው ባልዲ የያዘው ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ባልዲ ያዡም መማር ይገባዋል።

ውሾቹን በመርዝ ማጥፋት ይቀልላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አሳብ በብዙ አገር ተሞክሮ በሽታውን አላጠፋም፤ የሞተው ውሻ በለቀቀው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይገባበታልና። በአንጻሩ በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ከመቶ ሰባው በየጊዜው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ ታውቋል። ይህን የሚያህል ውሻ ለመያዝ ደግሞ የሠለጠነ እጅ እንጂ ድንጋይ አይረዳም። ለዚህ ሥራ ቀበሌውም፥ የጤና ቢሮውም፥ በጎ ፈቃደኛውም ወጣት በአንድነት ሊመክሩበት ይገባል።

የቤት እመቤቶችም ከዚህ ትምህርት ድርሻ አላቸው። ሕፃን ልጅ ውሻ ቢልሰው ወይም ቢቧጭረው ብዙ ጊዜ ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ስለዚህ ልጁን ከመገሠጽ በፊት እጁን ማጠብ፥ ከማጠብም ጋር ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በቁስሉ ላይ በርበሬና ቅጠል መነስነስ አይጠቅምም። ጠበል የሚወስዱትም ቢሆን አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ መርፌው ከጠበሉ አያጣላም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለው ከሆነና ጤነኛ መስሎ ከታየ ሳይገደል 10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደኅና ከሰነበተ ሐኪሙ በሰውየው ላይ የተጀመረውን መርፌ ሊያቋርጥ ይችላል።

ያ ቁስለኛ እጁን ለውሻ የሰጠው ወጣት ዛሬ በዚያው ግቢ አዲስ የሚመጡትን በጎ ፈቃደኞች ይቀበላል። ባለፈው ሳምንት ስንጎበኘው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡችሎቹን ለማየት ቸኵለው ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ወደ ቧንቧው ወሰዳቸውና ሳሙናው የሚቀመጥበትን አሳያቸው፤ ሽማግሌውም ሰዓታቸውን አውጥተው በድንጋዩ ላይ አኖሩ።