አንጎል ሲለካ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በኋላ ጤነኛው ሰው እንኳ በየዓመቱ ከጠቅላላ የአንጎሉ ይዘት ግማሽ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አንድ አዛውንት ነገር መርሳት ጀመሩ ተብሎ ወደ ሐኪም ሲቀርቡ፣ ጥያቄው «አንጎላቸው ቀንሷል ወይ?» ሳይሆን «ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በላይ ቀንሷል ወይ?» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ልኬት ብቻ አይበቃም፤ ማነጻጸሪያም ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ደግሞ ከናይሮቢ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

አስቀድመን አለካኩን እንመልከት። ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ በብርቱ መግነጢስና በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት ራስ ቅል ሳይከፈት የአንጎልን ምስል ያነሣል። ምስሉ በስሱ እንደተቆረጠ ዳቦ ነው፤ እያንዳንዱም ቁራጭ በጥቃቅን ኩቦች የተከፋፈለ ነው። የኩቡ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይዘቱ 1 ሚሊ ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ የአንዱን የአንጎል ክፍል ዳር ከለዩ በኋላ ኩቦቹን መቁጠር ነው። ሥራው የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ይመስላል፤ አስቸጋሪው ዳሩን መለየቱ ነው።

በመርሳት በሽታ ምርመራ በይበልጥ የሚለካው ሂፖካምፐስ ነው። ቅርጹ የባሕር ፈረስ ስለሚመስል በግሪክኛ ይህ ስም ተሰጠው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሲሆን፣ አዲስ ነገር ለማስታወስ የግድ ያስፈልጋል። የአንዱ ወገን ይዘት በጎልማሳ ሰው 3 ሺህ ሚሊ ሜትር ኩብ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ነው። በጤነኛ አዛውንት በዓመት 1 ከግማሽ በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ በአልዛይመር በሽታ ግን ከ4 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው አንጎሉም በአብዛኛው ትልቅ ስለሆነ፣ ይዘቱ ከራስ ቅል ውስጣዊ ስፋት ጋር ይመዛዘናል። አንጎል ቢሟሽሽም ራስ ቅል አይጠብም፤ የቀድሞውን መጠን እንደያዘ ይቀራል።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1934 በዚያ የቅኝ ግዛቱ የሕክምና ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ኤፍ. ደብልዩ. ቪንት የ100 ኬንያውያንን አንጎል ከሬሳ አውጥቶ የቅርፊቱን ውፍረት ለካ። ከአውሮፓውያን በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል አለ፤ የአማካዩም ኬንያዊ አንጎል የደረሰበት ደረጃ ከ7 እስከ 8 ዓመት ካለው የአውሮፓ ልጅ ጋር ይስተካከላል ሲል ደመደመ። በማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኤች. ኤል. ጎርደን ይህን ይዞ የአፍሪካውያንን የመማር ችሎታ አጠያያቂ አደረገ። ካሮተርስም በ1953 የዓለም የጤና ድርጅት ባሳተመለት ጽሑፍ ቪንትን ጠቀሰ።

ስሕተቱ ከማይክሮስኮፑ አልነበረም። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ዕድሜ የሚነገረው በግምት ነበር። በሽታና የምግብ እጥረት ያደከሙት ሰው አንጎል ከጤነኛው ጋር አይመዛዘንም። አንጎል በመድኃኒት ሲነከር ይኮማተራል፤ ቅርፊቱም በሰያፍ ከተቆረጠ ውፍረቱ ይለወጣል። በሌላ አገር፣ በሌላ እጅ ከተለካ ቁጥር ጋር ማወዳደር እነዚህን ሁሉ ልዩነቶች በዘር ስም መቁጠር ነበር። ይህ ለአስተማሪ አዲስ አይደለም፦ የአንዱን ክፍል ውጤት በሌላ ትምህርት ቤት ፈተና ሲመዝኑ የሚደርሰው ነው።

ዛሬ ማንም አፍሪካዊን ከሕፃን ጋር አያመሳስልም፤ ችግሩ ግን በሌላ መልክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተጀመረውና ለአልዛይመር ምርምር ብዙ የአንጎል ምስል ያበረከተው ጥናት ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮች ናቸው። የናይሮቢ አዛውንት ምስል በኮምፒውተር ሲተነተን፣ የሚነጻጸርበት ቁጥር ከእነዚህ ዓይነት ሰዎች የተገኘ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የደም ግፊት፣ የልጅነት ምግብና የትምህርት ዘመን ልዩነት አለ።

በናይሮቢ የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የአእምሮ ተቋም አለ፤ የመርሳት በሽታም ከሥራዎቹ አንዱ ነው። ከውጭ ቁጥር የሚያድነው ሌላው መንገድ አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው፤ ዘንድሮ ማንሣት፣ ከዓመት በኋላም በዚያው መሣሪያ መድገም። ነገር ግን አንዴ መነሣት እንኳ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው፤ ሁለተኛውን ቀጠሮ የሚጠብቅ ጥቂት ነው።