ቪዲዮ እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት

በኢንተርኔት አንድ ቪዲዮ ከሰው ወደ ሰው እየተላከ ዓለምን ሲያዳርስ «ቫይራል ሆነ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከቫይረስ ነው።

«ኮኒ 2012»ን እንውሰድ። ይህን 30 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም አንድ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ለቀቀው፤ በ6 ቀን 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። የሚያወራው ስለ ዩጋንዳው አማፂ ጆሴፍ ኮኒ ነው። ነገር ግን ኮኒና ተዋጊዎቹ ከዩጋንዳ ከወጡ 6 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የጦርነቱ ገፈት ቀማሽ በሆነችው በሊራ ከተማ ፊልሙ ሲታይ ተመልካቾቹ ተቆጡ። ከእነሱ ይልቅ ስለ ፊልም ሠሪውና ስለ ልጁ ያወራ ነበርና።

እኛንም ስደተኞችን ይህ ይመለከተናል፤ የእኛም ፎቶ በሌላ ሰው አፍ ይዞራል። ስለዚህ ቪዲዮ ሲደርሰን ከማስተላለፋችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን ሠራው? መቼ? የተወራበት ሰው ራሱስ ምን ይላል?