ስለ ባልና ሚስት ጠብና ዕርቅ

በአገራችን ልማድ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተ ዘመድ ውል ነው፤ ሽማግሌ የሚላከው፣ ሚዜም የሚቆመው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ያቆመው ቤት ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ሲናወጥ ይታያል።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ሳገለግል አያሌ የፍቺ ማመልከቻ በእጄ አልፏል። ከዚህም የተረዳሁት፣ በወረቀት ላይ የተጻፈው በደልና ልብን ያቆሰለው በደል አንድ አለመሆኑን ነው። ወረቀቱ ስለ ገንዘብና ስለ ንብረት ይናገራል፤ ልብ ግን የሚያዝነው ስለ መናቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የመንግሥት ሹምና ባለቤታቸው ዐሥራ አራት ዓመት በሰላም ከኖሩ በኋላ እመቤቲቱ ፍቺ ጠየቁ። ማመልከቻውም «ባለቤቴ የጋራ ገንዘባችንን ያለ ፈቃዴ ለወንድሙ ሰጠብኝ» የሚል ነበረ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ይቀርብ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ አድርጎ፣ ለሽማግሎች የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው። ስለዚህ ዳኛው ባልና ሚስቱን ካነጋገሩ በኋላ ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሎች ላኳቸው።

ሽማግሎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ከባል ወገን፣ አንዱ ከሚስት ወገን፣ ሦስተኛው ሁለቱም የሚያከብሩት የሰፈር አዛውንት። የሆነውንም ኋላ በባለ ጉዳዮቹ ፈቃድ ያጫወቱኝ እኒሁ አዛውንት ናቸው። ሰው በባላጋራው ፊት የልቡን አይናገርምና አስቀድመው እያንዳንዳቸውን ለብቻ ሰሙ። እመቤቲቱንም «ልጄ፣ ገንዘቡ ቢመለስልሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽን?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «አባቴ፣ ገንዘቡስ ይቅር፤ እኔን ያሳፈረኝ የገዛ ቤቴን ነገር በልቅሶ ቤት ከባዕድ አፍ መስማቴ ነው» አሉ።

ባልየው ይህን በሰሙ ጊዜ ደነገጡ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚከራከሩት ወንድምን መርዳት ነውር አለመሆኑን ለማስረዳት ነበርና። ከዚያም ተነሥተው «ወንድሜን መርዳቴ አይጸጽተኝም፤ አንቺን ሳላማክር ማድረጌ ግን በደል ነው። ይቅር በዪኝ» አሉ። እመቤቲቱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አለቀሱ። ቡና ተፈልቶ፣ አብረው ቈርሰው ሄዱ፤ አቤቱታውም ተነሣ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አስታራቂ ማን ረታ ብሎ ከመፍረዱ አስቀድሞ ቁስሉ የት እንዳለ ይፈልግ። በዳይም «በድዬ እንደ ሆነ» እያለ አይሽሽ፤ የበደለውን በስሙ ጠርቶ ይናገር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንዲሉ፣ ከአንገት በላይ የሆነ ዕርቅ ውሎ አድሮ መፍረሱ አይቀርም።

ነገር ግን ሁሉም ጠብ በዚህ መንገድ አይታይም። ዱላ ባለበት ቤት ሚስትን «ቻዪው» ብሎ መመለስ በደልን መሸፈን እንጂ ማስታረቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል፤ ሽማግሌም ይህን ይወቅ።

ቀኑን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ስንመካከር የምንውል ሰዎች፣ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ምክሩን ከደጅ ትተነው እንገባለን። ያች እመቤት የጠየቁት ይህንኑ አንድ ነገር ነበር፤ በወረቀታቸው ላይ ግን አልተጻፈም።